የጣቃው ጠርዝ

«ምልክትሽን የሸጠው ሙስአብ ነው፤ ሌላ ማን ሊሆን።»

የጎረቤት ባለሱቅ እትዬ ሐጀራ ይህን ሳይሉ ቀናቸው አይከፈትም። ዛሬ ግን ጨመሩበት። «ተገላገልሽው ልጄ። ትናንት ከሌላ ጋር ኒካሑን አሰረ አሉ።»

«አላህ ያሳምርላቸው» አለች ሉብና፤ የያዘችውን የጨርቅ ጣቃ ግን መደርደሪያው ላይ ወረወረችው።

ምልክቷ የእናቷ ውርስ ነበረች። ጨርቁ በስንት እንደገባ በጣቃው ጠርዝ ላይ በፊደል ይጻፋል፤ ፊደሉን የሚፈታው ባለቤቱ ብቻ ነው። አምና ገበያተኛው ሁሉ ጠርዝ እየገለበጠ የገባበትን ዋጋ ይጠራ ጀመር። ምልክቷን የሚያውቁት ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ የኮሌጅ መምህሩ ወንድሟ ኢስሀቅና እጮኛዋ ሙስአብ። ኢስሀቅ ደግሞ ከጠመኔ በቀር ምን የሚሸጠው አለው?

ቀለበቱን ስትመልስለት ሙስአብ አልተከራከረም። «ከኢስሀቅ ሌላ ወንድም አለሽ?» ብቻ አላት።

«የለኝም። ሌባ እንኳ ይክዳል፣ አንተ ወሬ ትቀይራለህ?»

«እንግዲያውስ ደህና ሁኚ።»

ምልክቷን ቀየረች። እሱን የሚቀይር ግን አላገኘችም።

አንዲት ተማሪ ገብታ ከላይ የተረሳ አሮጌ ጣቃ አስወረደች። ጠርዙን ገልብጣ ሳቀች። «ይሄማ በርካሽ ነው የገባው። እንዳትሸውጂኝ፣ እህቴ።»

«ማነው ያስተማረሽ?»

«የማርኬቲንግ ቲቸራችን። ትምህርቱን በአጭር በአጭር ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ ይለቅልናል። ሃንዳውቱንማ ማን ያነባል? ይቺኛዋን ደግሞ አገር ነው ያየው።» ስልኳን ዘረጋችላት።

ይሄው ሱቅ፣ ይሄው መደርደሪያ። መሀል ላይ ኢስሀቅ ቆሟል፤ ጣቃውን ወደ ካሜራው አዙሮ የእናታቸውን ፊደል አንድ በአንድ ይፈታል። ሲያስተምር ፊቱ እንዴት እንደሚያበራ አይታ አታውቅም ነበር።

ቀኑ ትዝ አላት። «ለተማሪዎቼ ስለ ዋጋ ክርክር ልቅረጽ» ብሎ ለምኗት፣ ሱቁን ለእሱና ለሙስአብ ትታ ለዙሁር ሶላት ወጥታ ነበር። ስትመለስ ሁለቱም ይስቁ ነበር። በምን እንደሚስቁ አልጠየቀችም።

«መጨረሻዋን ስሚያት፣ ክፍሉ ሁሉ የሚስቀው በሷ ነው» አለች ልጅቱ።

ውጭ እትዬ ሐጀራ ለሌላ ሰው ከመጀመሪያው ጀምረውታል፤ «ሙስአብ ነው የሸጠው…»

ሉብና ስልኩን ወደ ጆሮዋ አስጠጋች። ካሜራውን የያዘው ሰው እየሳቀ ነው።

«ኧረ ቁረጣት ኢስሀቅ፣ የቤት ምስጢር ናት» ይላል የሙስአብ ድምፅ። «ይቺ ከወጣች ሉብና አንተን አትጠረጥርም፤ የምትይዘው እኔን ነው።»