የተሟላ ቅጽ

የአምቡላንስ ጥሪ በጽሑፍ እየጠየቀ የሚቀበለውን ቻትቦት የሠራችው ስንዱ ናት። ጥያቄዎቹን ያስቀመጠቻቸው ዳታቤዝ ውስጥ ባለ ሰንጠረዥ ላይ ስለሆነ፣ አዲስ ጥያቄ ለመጨመር ፕሮግራመር አያስፈልግም፤ ሰንጠረዡ ላይ አንድ መስመር ከተጻፈ ቻትቦቱ ራሱ አንብቦ ይጠይቃል። ጥፋቷ ይህንን ለአምቡላንስ አገልግሎቱ ኃላፊ ማስረዳቷ ነው።

ከዚያ በኋላ ሰውዬውን ማን ያቁመው! የእናት ስም ጨመረ፤ የትምህርት ደረጃ ጨመረ፤ የቤቱ ጣሪያ ከምን እንደተሠራ ሳይቀር ጨመረ። ሁሉም ካልተሞላ መኪናው አይላክም።

«ጌታዬ፣ በሽተኛ የያዘ ሰው እኮ ይህን ሁሉ አይመልስም» አለችው ስንዱ።

«አንቺ ኮድሽን ጻፊ። ያለ መረጃ አገር አይመራም!»

በወሩ ሪፖርት ሲቀርብ፣ ቅጹን እስከ መጨረሻው የሞላው አንድ ሰው ብቻ ሆኖ ተገኘ። ኃላፊው ግን ደረቱን ነፋ።

«አያችሁ? ቁም ነገረኛ ሰው ይሞላል። ሌላው ስንፍና ነው!»

ቅጹን በትልቁ ስክሪን ላይ አስከፍቶ፣ ለተሰብሳቢው ድምፁን ከፍ አድርጎ መልሶቹን አንድ በአንድ አነበበ። መጨረሻ ላይ «ተጨማሪ አስተያየት» የሚለው ጋ ደረሰ።

«መኪናው ይቅር። አባቴ አሥራ ዘጠነኛው ጥያቄ ላይ አረፉ። የቀረውን የሞላሁት ጎረቤት እስኪሰበሰብ ነው።»