ሦስት ዘፈን ከሰባራ ማንቆርቆሪያ

«ቦይለሩ ፈነዳ እንዴ?» ብሎ ጮኸ ከግድግዳው ማዶ አንድ የሽማግሌ ድምፅ።

አልፈነዳም። የመረጥኩት የመጀመሪያ ዘፈን ነው የጀመረው። እስከ አገጬ ሙቅ ውሃ ውስጥ ተዘፍቄ ስለነበር ፊቴ የቀላው ከሙቀቱ ይሁን ከሃፍረቱ ማንም አይለይም።

በሰፈራችን የሕዝብ መታጠቢያ ቤት እሁድ ከሰዓት አንድ ደንበኛ የሚወደውን ዘፋኝ ወይም ባንድ ይመርጥና «እነዚህን ስሙልኝ» የሚላቸውን ሦስት ዘፈኖች ያሰማል። የቤቱ ባለቤት እትዬ ኦቶዋ በወንዶቹና በሴቶቹ መግቢያ መሃል፣ ከፍ ካለው ወንበሯ ላይ ሆና ደንበኛው ያመጣላትን ሲዲ በሬዲዮዋ ታጫውታለች። ወደ ኦሳካ ከመጣሁ ሁለት ወር ቢሆነኝም እዚህ ሰፈር ከማንም ጋር ከሰላምታ ያለፈ ቃል ተለዋውጬ አላውቅም። ተራው ሲደርሰኝ ሳምንቱን ሙሉ አስቤበት ሰባራ ማንቆርቆሪያ የሚባለውን ባንድ መረጥኩ። ሮክ ብለው ይጀምራሉ፤ ሮክ ነው ስትሉ ጃዝ ይሆናል፤ ጃዝ ነው ብላችሁ ስትቀመጡ እናቶቻችን የሚያንጎራጉሩት ዜማ ይመጣል። እወዳቸዋለሁ። ሰውን ማስወደድ ግን ሌላ ነገር ነው።

«ቶኩዞ ነው የሚጮኸው፤ ባሌ» አሉኝ አጠገቤ የተቀመጡት አሮጊት። ነጭ ፎጣቸውን አጣጥፈው አናታቸው ላይ አድርገዋል። «እኔ ሳዮ እባላለሁ። እሱን አትስሚው። ዕድሜውን ሁሉ ጣራ ላይ ወጥቶ ሸክላ ሲደረድር ጆሮውን ንፋስ መትቶታል።»

«ሰምቼሻለሁ፣ ሳዮ!»

«ጆሮህ ደህና ነዋ! እንግዲያው ዝም ብለህ አድምጥ!»

ወንዶቹንና ሴቶቹን የሚለየው ግድግዳ ጣራው ጋ አይደርስም፤ ከዚህም ሴቶቹ፣ ከዚያም ወንዶቹ ሳቁ። እትዬ ኦቶዋ ግን አልሳቀችም።

«ልብ በሉ!» አለች። «አቶ ቶኩዞ ሦስተኛው ሳያልቅ ከወጡ ሬዲዮዬን ወደ ቤዝቦሉ እመልሳለሁ። የእሁዱ ዘፈንም ከዛሬ ጀምሮ ይቀራል። በየሳምንቱ ጭቅጭቅ የምሰማበት ትዕግስት የለኝም።»

ሳቁ ጸጥ አለ። ገንዳው ውስጥ ያሉት ሴቶች ሁሉ ዞረው እኔን አዩኝ። ራቁቴን ሆኜ ያን ያህል ዓይን አርፎብኝ አያውቅም።

ሁለተኛው ዘፈን በጥሩምባ ጀመረ፤ ለስለስ ያለ፣ ወገብ የሚያወዛውዝ።

«ይሄስ ይሻላል» አሉ አቶ ቶኩዞ። ተነፈስኩ። ምን ያደርጋል፣ መሃል ላይ ጥሩምባው ጠፋና ዘፋኙ በአንድ ትንፋሽ ይለፈልፍ ጀመር።

«አሁን ደግሞ ማንን ነው የሚቆጣው?»

«አንተን ነዋ!» አሉ እማማ ሳዮ። «እኔ ጠዋት ጠዋት የምልህን እየደገመልህ ነው።»

«በቃ! ወጣሁ!»

ከማዶ ውሃው ቦጭረቅ ሲል ሰማሁ። ሰውየው ቆመዋል።

ሦስተኛ ያደረግኩት የባንዱን በጣም የታወቀ ዘፈን ነበር፤ ለጀማሪ ሁሉም የሚመክረው፣ ማንንም የማያስቀይም የፍቅር ዘፈን። እኔ የምወደው ግን ከሱ ቀጥሎ ያለው ነው። ረጅም ነው። ላሰማኋቸው ጓደኞቼ አንዳቸውም እስከ መጨረሻው አልታገሱልኝም። መጥላታቸው ካልቀረ ሰዎቹ የምወደውን ሰምተው ይጥሉኝ አልኩና ብድግ አልኩ።

«እትዬ ኦቶዋ! ሦስተኛውን ተይውና ከሱ ቀጥሎ ያለውን ክፈቺልኝ!» ድምፄ ጣራው ላይ አስተጋባ። «አቶ ቶኩዞ፣ እባክዎ፣ ትንሽ ብቻ ይታገሱኝ!»



«ይቺ ደግሞ ማናት?» አሉ አቶ ቶኩዞ። ግን የእርምጃ ድምፅ አልተሰማም።

ከበሮው መጣ። በነሐሴ ሙቀት፣ የሙታን ነፍሳት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ በሚባልበት በዓል፣ ሰፈሩ ሁሉ ክብ ሠርቶ የሚጨፍርበት ያ ትልቁ ከበሮ፤ ቀስ ብሎ፣ ሆድ ውስጥ እየገባ። ዋሽንቱ ተከተለው። ከሥሩ ደግሞ ጊታሩ እንደ ራቀ ነጎድጓድ ማጉረምረም ጀመረ።

እማማ ሳዮ ሁለት እጃቸውን ከውሃው አወጡ። ወደ ቀኝ ገፋ፣ ወደ ግራ መለስ፣ ጨብጨብ። አጠገባቸው ያሉትም አወጡ። ገንዳው ሙሉ ክንድ ሆነ፤ ውሃው በጠርዙ እየፈሰሰ የመታጠቢያ ሳህኖቹን ወለሉ ላይ ያንሳፍፋቸው ጀመር። እኛ ስናጨበጭብ ከግድግዳው ማዶም አንድ ጭብጨባ እኩል ገባ። ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ሁሉም።

«ኤሳ! ኤሳሳ!» አሉ አቶ ቶኩዞ፤ በበዓሉ ጭፈራ ላይ ተቀባዮችን እንደሚመራ ሰው፣ ከጉሮሯቸው ሥር። ጊታሩ ከመጀመሪያው ዘፈን ብሶ ቢፈነዳም አላቆሙም። እንዲያውም ድምፃቸውን ጨመሩ።

ዘፈኑ ሲያልቅ የሁላችንም ትንፋሽ ይሰማ ነበር።

«አንቺ ልጅ!»

«አቤት!»

«ስምሽ ማነው?»

«ሚቺሩ። ከጃንጥላ ሱቁ በላይ ነው የምኖረው።»

«የጃንጥላዋ ሚቺሩ፣ እነዚህ እብዶች እንዲህ ዓይነት ሌላም አላቸው?»

«ሞልቷቸዋል!»

«እንግዲያው ምረጪልኝ። የሚቀጥለው እሁድ ተራ የኔ ነው። ምን እንደማሰማ ጨንቆኝ ልሞት ነበር።»

መታጠቢያ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ለዚህ ነው ለካ ሳምንቱን ሙሉ ሲነጫነጭብኝ የከረመው!» አሉ እማማ ሳዮ ግድግዳውን በመዳፋቸው እየመቱ።

ከገንዳው ወጥቼ ዝቅ ያለችው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እማማ ሳዮ ተከትለውኝ መጡ፤ ፎጣዬን ከእጄ ወስደው ሳሙና መቱበት።

«ዞር በይ» አሉኝ፤ እስክመልስላቸውም ሳይጠብቁ ጀርባዬን ጠበቅ አድርገው ማሸት ጀመሩ።