የግራው ጥግ

መሥሪያ ቤት «ሳሙና» ይሉታል። በቅጽል ስሙ አይቀየምም፤ እንዲያውም ደስ ይለዋል። ሰው ሲጨብጠው የሚቀፈው፣ ብርጭቆ ጠርዝ ላይ የከንፈር አሻራ ካየ የምግብ ፍላጎቱ የሚዘጋ ሰው ነው። ማታ ማታ ከመተኛቱ በፊት በትልቅ ብርጭቆ የተጣራ ውሃ ይጠጣል። ከውስጥም መታጠብ አለብኝ ባይ ነው።

የሳሎኑን ወለል ፓርኬ ካስነጠፈ ወዲህ ደግሞ ባሰበት። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። የወንበሮቹ እግር ሥር ወፍራም ጨርቅ ተለጥፏል። ወለሉ በለስላሳ መጥረጊያ ከተጠረገ በኋላ፣ ጠብ እስከማይል በተጨመቀ ጨርቅ የእንጨቱን መስመር ተከትሎ ይወለወላል።

«እንጨት ውስጥ እርጥበት ከገባ አለቀለት» ይላል ለሚስቱ፣ ሳትጠይቀው።

ሚስቱ ነርስ ናት። አንዳንዱን ሳምንት ቀን፣ አንዳንዱን አዳር ትሠራለች። ከሰው ገላ የሚወጣውን ሁሉ ስታይ ስለኖረች የሚቀፋት ነገር የለም። ባሏ ላይ የምታማርረው እንቅልፉን ብቻ ነው።

«ካንተ ጋር ማደር ከፈረስ ጋር ማደር ነው» ትለዋለች። «ይዤ ካልመለስኩህ እኮ ከአልጋ ወርደህ ትሄዳለህ።»

እናቱ የሞቱ ጊዜ አላለቀሰም። የለቀስተኛው እንባና ንፍጥ ትከሻው ላይ እንዳይቀር ሲጠነቀቅ ነው የዋለው። ከቀብሩ በኋላ አባቱ ብቻቸውን ከሚቀሩ ተብሎ እሱ ቤት ገቡ። ሽማግሌው ዝምተኛ ናቸው። ከሳሎኑ ቀጥሎ ባለችው ጠባብ ክፍል ይተኛሉ፤ መስኮት ሥር ተቀምጠው ጋዜጣ ሲያነቡ ይውላሉ። ምራታቸው ከሥራ ስትመለስ ፊታቸው ይበራል።

ሽታው የጀመረው እሳቸው በመጡ በወሩ ነው።

አንድ ጠዋት ሳሙና ከመኝታ ቤት ሲወጣ፣ በስተግራ ባለው ጥግ ወለሉ ላይ የተኛ ፈሳሽ አየ። ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ሽንት ነው፣ ያውም ብዙ። ካልሲውም እርጥብ ነበር፤ ሳያየው ረግጦት መሆን አለበት። በሁለት ጣቱ አውልቆ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ከተተው። እጁን እስኪቀላ ታጠበ፤ ቁርስም አልቀመሰም።

«የጎረቤት ድመት ናት» አለ። መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋ።

መስኮቶቹ ተዘግተውም ሽታው ተመለሰ። ሌላ ቀን ማለዳ አባቱን ጥጉ ላይ ተንበርክከው፣ ጨርቅ በእጃቸው ይዘው አገኛቸው።

«ምን እያደረጉ ነው?»

ሽማግሌው ደነገጡ። «ትንሽ ውሃ ፈሶብኝ ነው።»

«ውሃ እንዲህ አይሸትም፣ አባባ።»

ለሚስቱ ሲነግራት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ከአዘኔታ አይደለም፤ ስላቅለሸለሸው ነው።

«የሚገርመው» አለች፣ «እኔ ቤት ሳድር ሆኖ አያውቅም።»

«አንቺን ያፍራሉ። እኔን ግን ምን ገዷቸው!»

ፓርኬው መጥቆር ጀመረ። አናጢ ተጠራ። አናጢው ተንበርክኮ በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገና አፍንጫውን ያዘ።

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ሽንት ነው። እንጨቱን ዘልቆታል፤ ብንፍቀው አይለቅም፣ ጣውላዎቹ መቀየር አለባቸው። ድመት ያሉትን ደግሞ ይተዉት። ግድግዳው ላይ የተረጨው ከጉልበት በላይ ነው። ቆሞ የሸና ሰው ነው።»

ሽማግሌው ከክፍላቸው በር ላይ ሆነው ጥጉን ያዩ ነበር።

«የድሮው ቤታችን መጸዳጃ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ከመኝታ ቤት ሲወጡ በግራ ነበር።»

አናጢው አንገቱን ደፋ። ሳሙና ጆሮው ድረስ ቀላ።

«እርስዎ ነዎታ?»

ሽማግሌው ልጃቸውን ትክ ብለው አዩት።

«አዎ» አሉ። «እርጅና ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳሙና አባቱን ማየት ቀፈፈው። ኩባያቸውን ለብቻ አስቀመጠ። በልጅነቱ አፍንጫውን በመዳፋቸው የጠረጉለት ሰው የነኩትን የበር እጀታ በአልኮል መወልወል ጀመረ። ያስጠላል፣ ግን አደረገው።

«ዳይፐር አለ እኮ» አለች ሚስቱ።

ቃሉ ብቻ አንገሸገሸው። በአረጋውያን መጦሪያ ቦታ እንዳገኘላቸው ነገራት።

ሽማግሌው ለመኑ። ለምነው አያውቁም ነበር። «ጥጉን እኔው እወለውላለሁ። ማለዳ ማለዳ፣ ማንም ሳይነሳ። በዚህ ዕድሜዬ ከእናንተ አትለየኝ፣ ልጄ።»

«እዚያ ይሻልዎታል» አለ ሳሙና ፊቱን አዙሮ። «ወለሉ ሲሚንቶ ነው።»

ጣውላዎቹ ተቀየሩ። አዲሱ ቫርኒሽ በደረቀ ማግስት አባቱ ሊሄዱ ሆነ። ሳሙና የመኪናውን የኋላ መቀመጫ ላስቲክ አለበሰና አባቱን እላዩ ላይ አስቀመጣቸው። ላስቲኩ ሥራቸው ተንኮሻኮሸ። ሚስቱ ዓይኗን መለሰች። የዚያን ቀን አዳር ገቢ ስለነበረች የሥራ ልብሷን በፌስታል ይዛ ደጅ ቆማለች።

እሱ ከኋላ ሻንጣቸውን ሲጭን፣ ሽማግሌው መስኮቱን ዝቅ አድርገው በእጃቸው ጠሯት። ጎንበስ አለችላቸው።

«ለእሱ እንዳትነግሪው» አሉ በሹክሹክታ። «ራሱን ይጸየፋል።»

«ምኑን፣ አባባ?»

«አዳር ስትገቢ ማታ ውሃ እንዳይጠጣ አደራ የኔ ልጅ፤ እኔና እናቱ በሰባት ዓመቱ የተወው መስሎን ነበር።»