ቢጫው ወተት

ጥጃዋ በተቅማጥ ዝላ ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ወይዘሮ የሻረግ ጭንቅላቷን ጭናቸው ላይ አስደግፈው የጨውና የስኳር ውሃ በጠርሙስ ያጠጧታል። ባለፈው ወር ጨቅላዋን በተቅማጥ የቀበረችው ልጃቸው ትርንጎ በር ላይ ቆማ ታያለች።

የእንስሳት ሐኪሙ የጥጃዋን ድድ ገልጦ አየና፣ «እንደተወለደች እንገሩን ጠጥታለች?» አላቸው።

«እንገሩማ ከጎረቤት ጋር ተቃመስነው። ለጥጃ ሆድ ይከብዳል ብዬ።»

«ምነው እናቴ! ያ ቢጫ ወተት እኮ ነበር ከበሽታ የሚጠብቃት። አሁን የምትተርፍ አይመስለኝም።»

ወይዘሮ የሻረግ ደንግጠው ቀና አሉ። ትርንጎ እጇን ጡቷ ላይ አድርጋ ታያቸዋለች።

«እማዬ፣» አለች ቀስ ብላ፣ «የእኔንስ ቢጫ ወተት ለምን አስደፋሽኝ?»