የአቡ ነዚር ልጆች

ጥሩወርቅ ቤሩት ውስጥ የምታስታምማቸው አቡ ነዚር፣ ልጆቻቸውን አንድ ላይ እንድታሳያቸው ለመኗት። ሦስቱ ከተኳረፉ ዘጠኝ ዓመት ሆኗቸዋል፤ ትልቁ ሃይማኖት አጥባቂ፣ መካከለኛው ፓርቲ አምላኪ፣ ታናሹ ደግሞ ፓሪስ ገብቶ ሁለቱንም የናቀ ነው። በቪዲዮ ደውላ አገናኘቻቸው። ገና "አባታችሁ…" ስትል ሦስቱም አባታቸው ሞተዋል ብለው ደመደሙ።

"ሶላቱን የእኛ ሼህ ነው የሚያሰግደው" አለ ትልቁ።

"አስከሬኑ በፓርቲያችን ባንዲራ ይሸፈናል" አለ መካከለኛው።

"ሼህም ባንዲራም አይጠጋውም፤ ሰልጥኑ እንጂ" አለ ታናሹ።

ጥሩወርቅ ልታስረዳቸው ብትሞክርም የሚሰማት አጣች። ሲታክታት ስልኩን ወደ አልጋው አዞረችው። አቡ ነዚር ትራስ ተደግፈው ሲያዳምጡ ቆይተዋል።

"ባባ…" አለ አንደኛው።

ሽማግሌው ሦስቱንም ፊቶች በየተራ አዩና ዓይናቸውን ከደኑ።

"በቃ ልጄ፣ አየኋቸው። ዝጊው።"