ቁልፉ እስኪለቅ
የእድሩ ጡሩምባ ሲነፋ የሰፈሩ በሮች በሙሉ በራሳቸው ጊዜ ተቆለፉ፤ አውሎ ነፋሱ እስኪያልፍ ማንም አይከፍታቸውም። እትዬ የሺመቤት ሽሯቸውን ማማሰል ቀጠሉ።

የመጀመሪያው ነፋስ የመጣ ጊዜ እንዲህ ያለ በር አልነበረም። ጡሩምባ ነፊው ጋሽ ሽብሩ ለማስጠንቀቅ ቢነፉ፣ አውሎ ነፋስ የማያውቀው ሰፈር እንደ ልማዱ «ማን ሞተ?» እያለ ግልብጥ ብሎ ወጣ። የእትዬ የሺመቤት ባልም አንድ እግር ጫማ እንዳጠለቁ ወጥተው ቀሩ። ሌላኛው እግር ጫማ ዛሬም በሩ ሥር ተወልውሎ ተቀምጧል።

ነፋሱ ጣሪያውን ደብድቦ አለፈ። ሽሮውም ሳያር ደረሰ። ቁልፉ ቀጭ ብሎ ሲለቅ እትዬ የሺመቤት ነጠላቸውን ደረብ አድርገው ብቅ አሉ።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ማን ሞተ?»

ሽማግሌው ከማዶ ደጃፋቸው ላይ ሆነው ሳቁ። «ማንም አልሞተም!»

«እሰይ! በሉ ግቡ፣ ሽሮው ሳይቀዘቅዝ» አሉና፣ በሩ ተመልሶ እንዳይዘጋ ያንን ጫማ ሸጎጡለት።