ከሃምሳ ኩንታል በላይ

ግንቦት ላይ፣ ሱዳን ውስጥ፣ ዶካ ገበያ ዳር፣ ሹፌሩ ያዕቁብ ጎንበስ ብሎ የጭነት መኪናውን ክብደት ተሸካሚ ባሌስትራ አየና ራሱን ነቀነቀ። «አይሆንም። መኪናው የሚችለው ሃምሳ ኩንታል ነው፤ እሱም ወደ ገዳሪፍ በሚሄደው በሐጃ ጠይባ ሰሊጥ ሞልቷል።» አንዳርጌ ወደ ሰማይ አንጋጠጠ። ልጁን ወርቅውሃን ሊድር ከመተማ ከነአጃቢዎቹ ተሻግሮ መጥቷል፤ ሙሽራው ደርግን ሸሽቶ ገዳሪፍ ነበር የሚኖረው። አውቶቡሱ ቀርቷል፣ ደመናው ከብዷል። ዝናብ አንዴ ከጣለ ያ ጥቁር አፈር መኪና አያሳልፍም፤ ሠርጉም እስከ ጥር ይገፋል።

«ስንት ሰው ናችሁ?» አለች የሰሊጡ ባለቤት ሐጃ ጠይባ፣ ከመጋዘኗ በር ላይ ሆና።

«አሥራ ስምንት» አለ አንዳርጌ።

ያዕቁብ በጣቶቹ አሰላ። «ከነጓዛቸው አሥራ ሁለት ኩንታል ይሆናሉ።»

«እንግዲያው አሥራ ሁለት ጆንያ አውርዱ።»

«ሐጃ፣ ዝናቡ ከቀደመን የወረደው ሰሊጥ እዚሁ መክረሙ ነው!»

«ይክረም! ሰሊጥ የሚጠብቀው ሙሽራ የለውም።»

አንዳርጌ ጉልበቷን ሊስም ሲል በሳቅ ወደ ኋላ ሸሸችበት። ጆንያዎቹ ወረዱ፣ ሠርገኞቹ ወጡ፣ እልልታው ቀለጠ። ወርቅውሃ በነጠላዋ ተሸፍና ትስቅ ነበር። ያዕቁብ ባሌስትራውን ደግሞ አየው፤ ልክ ነበር። ሞተሩን አስነስቶ ሊንቀሳቀስ ሲል ሐጃ ጠይባ የተከናነበችውን ቶብ ሰብስባ እየሮጠች መጣች።

«ቁም፣ ያዕቁብ! አንድ ጆንያ ጨምረህ አውርድ» አለች እያለከለከች፤ «እኔም ሠርገኛ ነኝ!»